የፖርሽ 911 ለውጥና የወዳጆቹ ሙግት

የምህንድስና ሥራ ውጤት የሆነ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ በተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ሁለት ዓይነት ሕይወት ይኖረዋል። አንደኛው በንድፍና በቁጥር የተወሰነው ነው፤ ክብደቱ፣ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱና ዋጋው በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው በተጠቃሚው ልቡና ውስጥ የሚኖረው ነው፤ ይህኛው በሚዛን አይመዘንም፣ በመለኪያ መሣሪያም አይነበብም። ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ሁለተኛው ሕይወት ይህን ያህል ቁም ነገር የለውም። አሮጌ የውሃ ፓምፕ በአዲስ ቢተካ የሚያዝንለት ሰው አይገኝም። ጥቂት ዕቃዎች ግን ከአገልግሎታቸው አልፈው የፍቅር ዕቃ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማሻሻል የተጣለበት መሐንዲስ ከሙቀትና ከግፊት ሕግ በተጨማሪ ከሰው ፍቅር ጋርም መታገል ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ከሚሆኑት አንዱ፣ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ዙፈንሃውዘን በተባለው ሰፈር የሚሠራው ፖርሽ 911 የተባለው የስፖርት መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ስሙንና መልኩን ሳይለቅ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል። በነዚህ ዓመታት በተለወጠ ቁጥር ወዳጆቹ ተቃውመዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ተሳስተዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ከፋብሪካው ይልቅ እነሱ ትክክል ሆነው ተገኝተዋል። የሙግቱ ታሪክ ከአንድ የቅንጦት መኪና ወሬ ያለፈ ትምህርት ስላለው ባለሙያ ሁሉ ቢመለከተው ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትውልዱ ነገር

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዘመን ስትመላለስ የኖረችውን ቮልስዋገን የሚያውቅ አንባቢ የ911ን መሠረት ለመረዳት አይቸገርም። የቮልስዋገን ሞተር የሚገኘው ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው በማራገቢያ አየር ይቀዘቅዛሉ። የቮልስዋገንን ንድፍ ያወጡት ዶክተር ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ፌሪ ፖርሽ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 በኦስትሪያ ግሙንድ በተባለች መንደር የዚያችኑ መኪና ክፍሎች መነሻ አድርገው 356 የተባለውን የመጀመሪያ የስፖርት መኪናቸውን ሠሩ። መኪናው ቀላልና ጠንካራ ስለነበረ ብዙ ሳይቆይ የራሱን ወዳጆች አፈራ። በ1952 በጀርመን፣ በ1955 ደግሞ በአሜሪካ የባለንብረቶች ክበቦች ተቋቋሙ። የአሜሪካው ክበብ ፓኖራማ የተባለ የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ዛሬም ያሳትማል። ስለዚህ የፋብሪካውን ሥራ በቅርብ የሚከታተልና የሚተች ሕዝብ ከ911 በፊት ተዘጋጅቶ ቆይቶ ነበር ማለት ይቻላል።

የፌሪ ልጅ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ የአዲሱን መኪና መልክ ነድፈው መኪናው በመስከረም 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ላይ ሲቀርብ መጠሪያው 901 ነበር። ይሁን እንጂ ዜሮን ከመካከል ያደረገ ባለሦስት አኃዝ ስም በፈረንሳይ አገር የእኔ መብት ነው ሲል ፔዦ ስለተቃወመ መጠሪያው ወደ 911 ተለወጠ። ሞተሩ ባለሁለት ሊትር ሆኖ ስድስት ሲሊንደሮችና 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አቀማመጡ ግን እንደ አባቱ እንደ 356 ነበር፤ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች መሥመር ኋላ ተቀምጦ በአየር ይቀዘቅዛል።

አዲሱ መኪና ከአሮጌው ይልቅ የረዘመና ዋጋውም እጅግ የከበደ ስለነበረ ለቀድሞዎቹ ደንበኞች ሁሉ የሚደፈር አልሆነም። ፋብሪካውም በ1965 የ911ን አካል ከ356 ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ጋር አጣምሮ 912 የተባለ ርካሽ መኪና አቀረበ። ይህ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ911 የበለጠ ገበያ ነበረው። ዛሬ ዘላለማዊ ተብሎ የሚወደሰው 911 ራሱ በተወለደበት ጊዜ የአንድ ተወዳጅ መኪና ቦታ የወሰደ እንግዳ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉድለት ወደ ባሕርይ ሲለወጥ

ከባድ ሞተርን ከኋላ ጎማዎች ኋላ መስቀል ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ክብደት ስለሚያርፍ መኪናው በሚፈናጠርበት ጊዜ መሬትን አጥብቆ መያዙ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በመታጠፊያ ላይ ነው። ሹፌሩ በፍጥነት ሲታጠፍ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ድንገት ቢያነሣ ክብደት ወደ ፊት ይሸጋገራል፤ የኋላ ጎማዎች ጫና ሲቀንስባቸው መሬቱን ይለቃሉ፤ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተርም እንደ ሰዓት ፔንዱለም የመኪናውን ጭራ ወደ ውጭ ይወረውራል።

የፋብሪካው መሐንዲሶች ይህን ጉድለት ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፊት ፓራውልት ጫፎች ውስጥ የብረት ክብደት እየደበቁ የፊቱን ክፍል ለማክበድ ሞክረዋል። ይህ እርምጃ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አልነበረም። በኋላ ለ1969 በተሠሩት መኪናዎች ላይ የኋላ ጎማዎችን በ57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ በመግፋትና አንዱን ባትሪ በሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ተክተው ከፊት ግራና ቀኝ በማስቀመጥ የመኪናውን አቋም አስተካከሉ። ሞተሩ ካለበት አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቁት ጎማዎቹ ናቸው። መፍትሔው ሲነገር ቀላል ቢመስልም የመኪናውን ጠባይ በእጅጉ አሻሽሏል።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። መሐንዲሶቹ ጉድለት ነው ብለው የሚታገሉትን ጠባይ ብዙዎቹ ወዳጆች እንደ ክብር ምልክት ቆጠሩት። ይህን መኪና በሚገባ መንዳት ትምህርትና ድፍረት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ መኪናውን የተካነ ሰው በራሱ ይኮራ ነበር። መኪናው የበለጠ ገራም በሆነ መጠን የኩራቱ ምክንያት የሚቀንስ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ለተነሡት ሙግቶች ሁሉ ሥሩ ይኸው ነው። መሐንዲሱ ከመኪናው ላይ ችግር በቀነሰ ቁጥር ወዳጁ አንድ ነገር እንደተነጠቀ ይሰማዋል።

በሰባዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የለውጡ ምክንያት ከፋብሪካው ውጭ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት፣ መኪና በሰዓት 5 ማይል እየሄደ ቢጋጭ ጉዳት እንዳይደርስበት የሚያስገድድ የፓራውልት ደንብ አወጣ። ስለዚህ ከ1974 ሞዴል ጀምሮ ቀጫጭኖቹ የብረት ፓራውልቶች ቀርተው ከጎናቸው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ ሽፋን ያላቸው ወፋፍራም ፓራውልቶች ተተኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን መልክ የወደዱ ሰዎች ዛሬም ድረስ የ911ን ዘመን ከ1974 በፊትና ከ1974 በኋላ ብለው ይከፍሉታል። ነገር ግን ወፍራሙ ፓራውልት እስከ 1989 ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ስላገለገለ ለቀጣዩ ትውልድ ትክክለኛው የ911 መልክ እሱ ሆነ። በነዚያው ዓመታት በ1974 በፓሪስ ትርዒት የቀረበው ባለተርቦው 911 ደግሞ በ260 የፈረስ ጉልበቱ ለመኪናው አዲስ ዝናን አተረፈለት።

በግድግዳው ላይ የተሰመረው መሥመር

በ1972 የፖርሽ ቤተሰብ አባሎች ከዕለት ሥራ አመራር ሲለቁ የኩባንያው ኃላፊነት በዶክተር ኤርንስት ፉርማን ላይ ወደቀ። ዶክተር ፉርማን ተራ ሥራ አስኪያጅ አልነበሩም፤ በሃምሳዎቹ ዓመታት ለውድድር መኪናዎች የተሠራውን ዝነኛ ባለአራት ካምሻፍት ሞተር የነደፉ መሐንዲስ ነበሩ። የሳቸው አስተያየት በምህንድስና በኩል ሲታይ የጸና ነበር። የጢስና የድምፅ ደንብ በየዓመቱ ይጠብቃል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደንቡን ለማሟላት ይቸገራል፤ ከኋላ የተንጠለጠለ ሞተርም ለጥንቃቄ ደንብ አይመችም። ስለዚህ 911ን በክብር አሰናብቶ በአዲስ መኪና መተካት ይገባል የሚል ነበር።

አዲሱ መኪና 928 ተባለ። በመጋቢት 1977 በጄኔቫ ሲቀርብ ከፊት የተቀመጠ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ስምንት ሲሊንደሮችና 240 የፈረስ ጉልበት ያለው የአሉሚንየም ሞተር ነበረው። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን ካምቢዮው ከኋላ ተቀምጧል። መኪናው ጸጥታ ያለው፣ ፈጣንና ለረዥም ጉዞ የሚመች ስለነበረ ለ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። ከመጽሔቶች ዳኞች ይህን ሽልማት ማግኘት ለስፖርት መኪና ያልተለመደ ክብር ነው።

የ911 ወዳጆች ግን ነገሩን ሳይቸግር ጤፍ ብድር አድርገው ቆጠሩት። 928 መጥፎ መኪና ነው ያለ ብዙ ሰው አልነበረም። አባባላቸው መኪናው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን 911 አይደለም የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ክርክር ክርክር አይመስልም። አንድ መሐንዲስ የበለጠ የተስተካከለ ክብደት፣ የበለጠ ጸጥታና የበለጠ ምቾት አቅርቦ ሳለ፣ ተጠቃሚው ያኛውን ነው የምፈልገው ቢለው የሚመልስለት ስሌት የለውም። የገበያው መልስ ግን ግልጽ ነበር፤ 928 የ911ን ያህል ደንበኛ ሳያገኝ ቀረ።

በ1981 መጀመሪያ የኩባንያው ሥራ አመራር ለሚስተር ፒተር ሹትዝ ተሰጠ። ሹትዝ በ1930 በበርሊን ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደው ያደጉ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ብዙውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት እንደ ካተርፒላርና ካሚንስ ባሉ የከባድ ሞተር ፋብሪካዎች ነበር። ወደ ፖርሽ ሲመጡ ያገኙት ሠራተኛ መንፈሱ የወደቀ ነበር። የድካሙ ምክንያት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ 911 ሊቀር መሆኑን ሰሙ።

ሹትዝ በኋላ ደጋግመው እንደተረኩት፣ አንድ ቀን ወደ ምህንድስና ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሄልሙት ቦት ቢሮ ሲገቡ ግድግዳው ላይ የወደፊት ምርት እቅድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተሰቅሎ ተመለከቱ። በውሃ የሚቀዘቅዙት መኪናዎች መሥመር ወደ ፊት ይቀጥላል፤ የ911 መሥመር ግን በ1981 ላይ ይቆማል። ሹትዝ ከጠረጴዛው ላይ ማርከር አንሥተው የ911ን መሥመር ከሠንጠረዡ አሻግረው፣ በግድግዳው ላይ አሳልፈው እስከ በሩ ድረስ ሳቡት። ቦት የተፈለገውን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ በ1982 ጣሪያው የሚታጠፍ 911 በጄኔቫ ቀረበ፤ ቀጥሎም ባለ3.2 ሊትሩ ካሬራ ተሠራ። 911ን ሊተኩ የታሰቡት ባለፊት ሞተር መኪናዎች በሙሉ በ1995 ምርታቸው ሲቆም፣ ሊቀበር የነበረው መኪና ግን ቀባሪዎቹን ሸኝቶ ቀረ። በዚህኛው ክርክር ወዳጆቹ ትክክል ነበሩ። ትክክል የሆኑትም ከዶክተር ፉርማን የበለጠ ስለ ሞተር ስላወቁ አይደለም፤ ዶክተሩ ከቁጥር ውጭ ያስቀሩትን ነገር ስለቆጠሩ ነው።

አየር የማይችለው ጊዜ መጣ

ይሁን እንጂ ዶክተር ፉርማን ስለ አየር ማቀዝቀዣ የተናገሩት አልተሻረም፤ ለጊዜው ዘገየ እንጂ። በ1988 መጨረሻ የቀረበው፣ ወዳጆቹ በፋብሪካ መለያው 964 የሚሉት ሞዴል፣ ከውጭ ሲታይ አሮጌው መኪና ቢመስልም ኩባንያው እንደገለጸው 85 ከመቶ የሚሆነው ክፍሉ አዲስ ነበር። ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚያገለግለው የጥንቱ የብረት ዘንግ በጥቅል ሞላ ተተካ፤ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪና ጎማ በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ ገባለት፤ መጀመሪያ የወጣውም በአራቱም ጎማዎች የሚነዳው ነበር። ያን ጊዜም መኪናው ለሰነፍ ሹፌር ተስማማ የሚል ቅሬታ ተሰማ። በ1993 የተከተለው 993 ግን የኋላው እግር አሠራር ከሥሩ ተለውጦ የፔንዱለሙ ጠባይ እጅግ ስለተገታለት ብዙ ወዳጆች በመልኩም በጠባዩም ፍጹም አድርገው ተቀበሉት። ይህ የመጨረሻው በአየር የሚቀዘቅዝ 911 ነበር።

አየር ለምን አልበቃም? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው የቴስታታው ጉዳይ ነው። ሞተር በደንብ እንዲተነፍስና ጢሱ እንዲቀንስ ለያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ማድረግ ይጠቅማል። አራት ቫልቭ በሚኖርበት ጊዜ ግን በሁለቱ የጢስ መውጫ ቫልቮች መካከል ያለው ብረት ጠባብና እጅግ የሚግል ይሆናል፤ እዚያ ድረስ በቂ አየር ማድረስ አይቻልም፣ ውሃ ግን ይደርሳል። ፋብሪካው ራሱ ይህን ቀደም ብሎ አረጋግጦት ነበር። በ1986 በተሠራው 959 በተባለው ልዩ መኪና ላይ ሲሊንደሮቹን በአየር፣ ባለአራት ቫልቩን ቴስታታ ግን በውሃ ነበር ያቀዘቀዘው።

ሁለተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ የመኪና ድምፅ ወሰን በዘጠናዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከ77 ወደ 74 ዴሲቤል ዝቅ ብሏል። ለተራ ሰው ሦስት ቁጥር ጥቂት ይመስላል፤ ዴሲቤል ግን የሎጋሪዝም ልክ ስለሆነ ሦስት መቀነስ ማለት የድምፁን ኃይል በግማሽ መቀነስ ነው። በውሃ የተከበበ ሲሊንደር ድምፁ በውሃው ይታፈናል። በአየር የሚቀዘቅዘው ግን ክንፋማ ሲሊንደሮቹና ማራገቢያው ራሳቸው ድምፅ አሰራጮች ናቸው። ወዳጆቹ የሚናፍቁት ያ ልዩ ድምፅ በደንብ አውጪዎች ዘንድ እንደ ጥፋት ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ1986 ከ50,000 በላይ የነበረው የኩባንያው ዓመታዊ ሽያጭ በ1992/93 የሥራ ዓመት ወደ 14,000 ገደማ ወርዶ ነበር። በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱን የተረከቡት ዶክተር ቬንደሊን ቪደኪንግ ከቶዮታ የወጡ ጃፓናውያን መሐንዲሶችን አማካሪ አድርገው አስመጡ። እነሱም በፋብሪካው ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረ መለዋወጫ አግኝተው ገሠጹ። ዶክተሩ ራሳቸው በሠራተኞች ፊት መጋዝ ይዘው የመደርደሪያውን ቁመት መቁረጣቸው በኢንዱስትሪ አስተዳደር መጻሕፍት የተመዘገበ ነው። በዚያ ችግር ውስጥ ለአንድ መኪና ብቻ የሚሆን ልዩ ልዩ ክፍል መሥራት የማይቻል ሆነ።

የ1997 ቁጣ

ስለዚህ ኩባንያው ሁለት መኪናዎችን በአንድ ጊዜ ነደፈ። ቦክስተር የተባለው ርካሹ በ1996፣ 996 የተባለው አዲሱ 911 ደግሞ በመስከረም 1997 በፍራንክፈርት ወጣ። ሁለቱ መኪናዎች ከበሮቻቸው ጀምሮ ወደ ፊት ያለውን አካልና መብራቶቹን ጭምር ይጋሩ ነበር። የ996 ሞተር ባለ3.4 ሊትር፣ ባለአራት ቫልቭና በውሃ የሚቀዘቅዝ ነበር። ከቀድሞው ባለ3.6 ሊትር ያነሰ ሆኖ ሳለ 300 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። መኪናው በ185 ሚሊ ሜትር ቢረዝምም ከቀድሞው ቀለል ያለ ነበር። በቁጥር ረገድ የተጓደለ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ቁጣው ግን ከቀድሞዎቹ ሁሉ የበለጠ ሆነ። የክበቦች ስብሰባዎችና የመጽሔቶች የደብዳቤ ዓምዶች በሙግት ተሞሉ። ቅሬታዎቹን ለያይቶ ማየት ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጩኸት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ነበር።

የመጀመሪያው ስለ ውሃ ነው። ለብዙዎቹ የአየር ማቀዝቀዣው የ911 ነፍስ ነበር። ይህ ቅሬታ ከልብ የመነጨ ቢሆንም መሐንዲሱ ሊፈጽመው የሚችለው አልነበረም፤ ደንቡና ቴስታታው አይፈቅዱም። ጊዜም ይህን አረጋግጧል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሁሉ በውሃ የሚቀዘቅዙ ሲሆኑ ማንም 911 አይደሉም አይልም።

ሁለተኛው ስለ መብራቱ ነው። የፊት መብራቱና ብርቱካናማው ፍሬቻ በአንድ መስተዋት ውስጥ ተጠቃለው ቅርጹ ወደ ጎን የፈሰሰ ስለሆነ፣ የተጠበሰ እንቁላል የሚል የማላገጫ ስም ወጣለት። ዙሩን መብራት ያስለወጠ የሙቀትም የድምፅም ሕግ አልነበረም፤ ያስለወጠው ወጪ መቀነስ ነበር። ከዚህም በላይ ብዙ ገንዘብ የከፈለው ባለ911 የፊቱን መልክ ከርካሹ መኪና ለይቶ ማየት አልቻለም። ፋብሪካው በ2002 ሞዴል መብራቱን ከቦክስተሩ ለየው፤ በ2004 በወጣው 997 ላይ ደግሞ ዙሩ መብራት ተመለሰ። እዚህ ላይ የወዳጆቹ ፍርድ ጸደቀ።

ሦስተኛው ቅሬታ ዘግይቶ የመጣ ሲሆን ከሁሉ የከበደው ነው። በአዲሱ ሞተር ውስጥ ካምሻፍቶቹን የሚያንቀሳቅሰው መካከለኛ ዘንግ አንደኛው ጫፉ በታሸገ ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከር ነበር። ኩሽኔታው በሚሰበርበት ጊዜ የቫልቮቹ ጊዜ ይዛባል፤ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በአሜሪካ በ2001 እና በ2005 መካከል የተሠሩትን መኪናዎች የሚመለከት የጋራ ክስ ቀርቦ ጉዳዩ በ2013 በስምምነት እንዲፈታ ተደርጓል። በአሮጌው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ይኸው ዘንግ የሚያርፈው የዘይት ግፊት በሚደርሰው ለስላሳ ቡሽ ላይ ነበር። ስለዚህ ወዳጆቹ ጥንካሬው ቀነሰ ያሉት ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ከውድድር መኪናዎች ጋር የተዛመደውና መሠረቱ ከአሮጌው ሞተር የተወረሰው የ911 ተርቦና የጂቲ3 ሞተር ግን ከዚህ ችግር ነጻ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል የገበያው መዝገብ ሌላ ነገር ይናገራል። የ993 ምርት ከ70,000 በታች ሲሆን፣ የ996 ግን ከ170,000 በላይ ነበር። ኩባንያውን ከመዘጋት ያዳኑት ሁለቱ የተነቀፉት መኪናዎች ናቸው። የመጨረሻው የአየር 911 ከፋብሪካ በወጣበት በ1998 የ356 አባት ፌሪ ፖርሽ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። ብዙ ወዳጆች ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያስታውሷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ

ሙግቱ ከ1997 በኋላም አላበቃም። በ2011 የወጣው 991 መሪው በዘይት ግፊት መታገዙ ቀርቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለታገዘ፣ የመንገዱ ስሜት ከእጅ ጠፋ የሚል ቅሬታ ተነሣ። በ2013 የቀረበው ጂቲ3 በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ሳይኖረው በሁለት ፍሪሲዮን ራሱ በሚቀይር ካምቢዮ ብቻ ሲወጣ ደግሞ ቅሬታው በረታ። የፋብሪካው መልስ በሰዓት መለኪያ የተደገፈ ነበር፤ አዲሱ ካምቢዮ ከማንኛውም የሰው እጅ ይፈጥናልና። ወዳጆቹ ግን የጠየቁት ፍጥነት አልነበረም። በ2016 ፋብሪካው ባለእጅ ካምቢዮ 911 አር የተባለ መኪና በ991 ቁጥር ብቻ ሠርቶ ቢያቀርብ ዋጋው በሁለተኛ እጅ ገበያ ከመሸጫው እጅግ በላይ ወጣ። በ2017 የእጁ ካምቢዮ በጂቲ3 ላይ በምርጫ ተመለሰ። በዚሁ ዓመት በግንቦት ወር አንድ ሚልዮንኛው 911 ከፋብሪካው ወጣ።

በ2015 የተለመደው ካሬራ ባለተርቦ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር የታከለበት 911 ቀረበ። በነዚህም ላይ ቅሬታ አልጠፋም። በሌላ በኩል በ1997 ለማንም የማያስቀኑ ይመስሉ የነበሩት በአየር የሚቀዘቅዙ መኪናዎች ዛሬ ዋጋቸው እጅግ ንሯል፤ የተናቀው 996ም የራሱን ጠበቆች ማፍራት ጀምሯል። ለአንዱ ትውልድ ክህደት የነበረው ለሌላው የወጣትነት ትዝታ ስለሚሆን፣ ፍርዱ ከዘመን ጋር መለዋወጡ አይቀርም።

ለባለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ሁለት የተሳሳቱ ትምህርቶችን መውሰድ ቀላል ነው። አንደኛው ተጠቃሚ ለውጥን ሁሉ ስለሚጠላ አትስማው የሚል ነው። ይህን የተከተለ ቢሆን ኖሮ 911 በ1981 ይቀር ነበር። ሁለተኛው ተጠቃሚ ምንጊዜም ትክክል ነው የሚል ነው። ይህን የተከተለ ቢሆን ደግሞ ኩባንያው በዘጠናዎቹ ዓመታት ከነአየር ማቀዝቀዣው በተዘጋ ነበር።

የወዳጆቹ ቅሬታ እንደ መለኪያ መሣሪያ ቢታይ ይሻላል። የሙቀት መለኪያ ቀስት ወደ ቀይ ሲሻገር ሞተሩ ላይ አንድ ነገር መድረሱን ይናገራል፤ ምን እንደሚጠገን ግን አይናገርም። ወዳጆቹም መድኃኒቱን ሲያዙ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል፤ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ሲጠቁሙ ግን አልፎ አልፎ እንጂ አልሳቱም። ውሃውን ሲቃወሙ መልሱ የተፈጥሮ ሕግ ነበር፤ መብራቱን ሲቃወሙ ግን መልስ የሚሆን ሕግ አልተገኘም። የመሐንዲሱ ሥራ በአንድ ጩኸት ውስጥ የተደባለቁትን ሁለቱን መለየት ነው፤ የግድ የሆነውን ለውጥ በቆራጥነት መፈጸም፣ የግድ ያልሆነውን ደግሞ ለጥቂት ገንዘብ ሲል በተጠቃሚው ላይ አለመጫን።

የ911 ክፍሎች ከ1963 ወዲህ አንድ በአንድ ተለውጠው ከመጀመሪያው መኪና የተረፈ ብሎን የለም። የቀሩት ሞተሩ ከኋላ መሆኑ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች በግራና በቀኝ መጋደማቸው፣ የጣሪያው መሥመርና ዙሩ መብራት ብቻ ናቸው። ከነዚህ አንዳቸውም በስሌት ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ እስከ ዛሬ አይቆዩም ነበር። ያቆያቸው በየጊዜው ሲከራከር የኖረው ሕዝብ ነው፤ እንዲሠሩ አድርጎ ያኖራቸው ግን እየተነቀፈም ቢሆን በቀረው ሁሉ ላይ ለውጡን ያላቋረጠው መሐንዲስ ነው።